በሬው ከመሸጡ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ደብረ ማርቆስ ያሉት አባትሽ ፒኤስኤያቸው (በደም የሚለካው የፕሮስቴት እጢ ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ባዮፕሲው (ከእጢው በመርፌ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ንጹህ ሆነ። ውጭ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «በሽንት የሚሠራ የአርኤንኤ ምርመራ አለ፣ መድኃኒትም ወጥቶለታል» አለ። በሬ ሸጠን ናሙናውን እንላክ ወይ ነው ያልሽው።

እኔ ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ወንድምሽ የሰማው ፒሲኤ3 የሚባለውን ይመስለኛል። ፕሮስቴት ካንሰር ሲይዘው አብዝቶ የሚያመርተው አርኤንኤ ነው። አርኤንኤ በሴል ውስጥ ከዲኤንኤ የሚገለበጥ ቅጂ ነው፤ የታወቀው ሥራው ፕሮቲን ማሠራት ነው፤ ይህኛው ግን ፕሮቲን አይሠራም። እንዲህ ያሉት ድሮ እንደ ትርፍ ነገር ይታዩ ነበር። ብዙዎቹን እንደ ድግስ አጋፋሪ አስቢያቸው፤ አጋፋሪ ወጥ አይሠራም፣ ማን ይግባ ማን ይቆይ የሚለው ግን በእሱ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን ኖቤል የተሸለሙት ከእነዚህ ትንንሾቹን፣ ማይክሮ አርኤንኤን፣ ስላገኙ ነው።

የፒሲኤ3ን ምርመራ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቅዳዋለች። ለምን እንደሆነ ግን ልብ በይ፦ ባዮፕሲው ንጹህ ሆኖ «ልድገመው ወይስ ልተወው» ለሚል ሐኪም ማገዣ ነው። የአባትሽ ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ወንድምሽ ዝም ብሎ አላወራም። ፈራጁ ግን ያው ባዮፕሲው ነው።

ሽንቱም እንዲሁ አይቀዳም። መጀመሪያ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን በጣቱ ይጫናል፤ ከዚያ ቀድሞ የሚወጣው ሽንት ነው የሚፈለገው። (ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይታየኛል።) መላኩ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። በኮሮና ጊዜ ከወረዳ ናሙና እቀበል ነበር። ያም ቫይረስ አርኤንኤ ነው። አንድ ቀን በረዶው ቀልጦ ሳጥኑ ለብ ብሎ ደረሰ። ትኩሳት የጣላቸው ሦስት ሰዎች «ነጋቲቭ» ወጡ። እንደገና ስንወስድ ሁለቱ ፖዘቲቭ ሆኑ። አርኤንኤ እንደ ዲኤንኤ ታጋሽ አይደለም፤ በእጃችን ላይ ያለ ኢንዛይም ራሱ ይበላዋል። እናንተ የምትልኩት ደግሞ ባሕር ማዶ ነው።

መድኃኒቱ ላይ ወንድምሽ ቸኩሏል። ማይክሮ አርኤንኤ 34ን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት በካንሰር ሕሙማን ላይ ሲሞከር የሰውነት መከላከያቸውን አስቆጥቶ ከባድ ጉዳት ስላመጣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋርጧል። ለፕሮስቴት ካንሰር በዚህ መንገድ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም።

እኔ ብሆን ፒኤስኤውን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስደግማለሁ፤ ኢንፌክሽንም፣ የፕሮስቴት ማበጥም ያንረዋል። ከዚያ የባዮፕሲውን ወረቀት ይዤ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ዘንድ እሄዳለሁ። ወረቀቱ ላይ ከስንት ቦታ እንደተወሰደ ይጻፋል፤ የተለመደው ከ10 እስከ 12 ነው። እስቲ ቁጥሩን አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ።