መኪናው አንዴ እየተነሳ አንዴ እምቢ ካለህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤዋለሁ። መኪናህ ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ከሰዓት ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ቆየት ብለህ ስትሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ባትሪ አስቀይረሃል፤ አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየር እየተባልክ ነው። እባክህ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የስርቆት መከላከያው፣ ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽዬ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም። ቁልፉን ስትከፍት፣ የቁልፍ ማስገቢያውን ዙሪያ የከበበው የሽቦ ጥቅል ኃይል ይሰጣትና ኮዷን ትልካለች። የሚደማመጡት በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ብቻ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ኮዱን ካላወቀው ነዳጅ ወይም እሳት (የካንዴላ ብልጭታ) ይከለክላል። አንዳንዱ መኪና ሞተሪኖውንም ያግዳል። አንዳንዱ ደግሞ ይነሳና በሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የሪሞቱን ባትሪ መቀየር በር ለመክፈት እንጂ ለዚህ ችግር አይረዳህም፤ ቁልፉ ተሰክቶ የሚዞር አይነት ከሆነ ማለቴ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የቁልፍ ምልክት መብራት እየው። በብዙ መኪና ቁልፉ ሲከፈት ለአፍታ በርቶ ይጠፋል። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም በርቶ ከቀረ ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው። መብራቱ በሥርዓቱ ጠፍቶም መኪናው ካልተነሳ ግን ሌላ ቦታ ፈልግ። ለምሳሌ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ሲግል ሥራ አቁሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ካንተ መኪና ጠባይ ጋር ቁጭ ነው።

መብራቱ ቁልፉን ከጠቆመህ ቁልፉን ከዘለላው አውጥተህ ለብቻው ሞክር። የሌላ መኪና ባለ ቺፕ ቁልፍ አጠገቡ ካለ ያደናግረዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ እዚያው ሞክር። በሁለተኛው ሁሌ የሚነሳ ከሆነ ችግሩ የመጀመሪያው ቁልፍ ቺፕ ላይ ነው። ወድቆ ያውቃል? ቀፎው ተቀይሮስ? ቺፗ ከቦታዋ ትነቃነቃለች።

በሁለቱም እምቢ ካለ ወደ ሽቦ ጥቅሉና ወደ ሶኬቱ ሂድ። የእኔ እዚያ ነበር። የመሪው ሥር ያለው ፕላስቲክ ሲወርድ የሶኬቱ አንዷ እግር አረንጓዴ ዝገት ይዛ ተገኘች። በጣት ጫን ሲሏት መብራቱ ይጠፋል፤ ሲለቋት ይመለሳል። ተጠርጋ ጠበቅ ስትደረግ ችግሩ አልተመለሰም። አደራ፣ በዚያ አካባቢ የኤርባግ ሽቦም ስለሚያልፍ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይንካው።

ባትሪውን አዲስ ነው ብለህ አትለፈው። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ኮምፒውተሮቹ ሊደናገሩ ይችላሉ። ጥፋቱ የላላ የባትሪ ጫፍ ወይም የዛገ ማሳ (ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ሊሆን ይችላል።

መኪናው በኋላ የተገጠመ አላርም አለው? ካለው እሱንም ጠርጥር። ብዙ ጊዜ ሽቦው ተጠምዝዞ በቴፕ ብቻ ይጠቀለላል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይላላል። የዚህ ክፋቱ የፋብሪካው መብራት ምንም ሳያሳይ ሞተሩ እምቢ ማለቱ ነው።

ጋራዥ ስትሄድ ባትሪ ከመነቀሉ በፊት ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ በማሽን ይነበብ። አለበለዚያ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። «ኢሞቢላይዘሩን እናጥፋልህ» ካሉህ እምቢ በል፤ መኪናህን ለሌባ መክፈት ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ካለህም ይሄኛው እየሠራ ሳለ ሁለተኛ አስቀርጽ፤ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ሥራው በጣም ይከብዳል።

መብራቱ ምን እንዳደረገና በኋላ የተገጠመ አላርም እንዳለው ወይም እንደሌለው ጻፍልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።