ባሕር ማዶ የዘመተ ሰው ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የቤተሰብ ሰው ባሕር ማዶ ጦርነት ላይ ሲሆን ቤት የቀረው ሰው ጆሮው ስልክ ላይ ነው። ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የምችለውን እነሆ።

ባለቤቴ በየማታው ይደውል ነበር። አሁን ድምፁ ጠፋ። ምን ልጠርጥር?

እህቴ፣ ዝምታ መርዶ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ኢራቅና አፍጋኒስታን ሳለ፣ አንድ ወታደር ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲቆስል የጦር ሰፈሩ ስልክና ኢንተርኔት ይዘጋ ነበር። ቤተሰቡ መርዶውን ከፌስቡክ እንዳይሰማ ነው። ያን ጊዜ ደህና የሆኑትም ሁሉ አብረው ዝም ይላሉ። ለግዳጅ ሲወጡም ስልክ ይቀመጣል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ሲደውል ግን አንድ ነገር ተነጋገሩ። «በየማታው እደውላለሁ» ብሎ ቃል አይግባልሽ። «ስችል እደውላለሁ፤ ከጠፋሁ ሥራ ላይ ነኝ» ይበልሽ። ሰውን የሚያሳብደው ቀጠሮ የተያዘለት ስልክ ሲቀር ነው።

ልጄ የት እንዳለ አይነግረኝም። እናቱን አያምንም እንዴ?

እናቴ፣ እርስዎንማ ያምናል። የሚፈራው በመሃል የሚጠልፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአዲስ ዓመት ሌሊት በዩክሬን ጦርነት ማኪየቭካ በምትባል ከተማ የሩሲያ ወታደሮች ያደሩበት ሕንጻ በሮኬት ተመትቶ ብዙ ሰው አለቀ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር በዋና ምክንያትነት የጠቀሰው የወታደሮቹን የሞባይል አጠቃቀም ነው። ስለዚህ የት ነህ፣ መቼ ትመጣለህ አይበሉት። በላህ ወይ፣ እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ ይበሉት። የላከልዎትን ፎቶም ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፈው አደራ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?

ብዙ ያደርጋል ወንድሜ! ባትሪ አያልቅበትም፣ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፣ ደጋግሞ ይነበባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የወታደር ደብዳቤ ፎቶ እያነሱ ፊልሙን ይልኩና እዚያ ያትሙት ነበር። 37 ከረጢት የሚሞላ 150,000 ደብዳቤ በዚህ መንገድ አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባ ነበር። ለጥይትና ለመድኃኒት ቦታ በጠፋበት ሰዓት ይህን ያህል የለፉት የደብዳቤን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው። አንድ ምክር ልጨምር፤ ደብዳቤዎችህን ቁጥር ስጣቸው። የኋላው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ምን ልጻፍለት? የቤቱን ችግርስ ልደብቀው?

ትንሽ ትንሹን ጻፊለት። የልጅቷ የፊት ጥርስ ወልቆ የራሷን ስም መጥራት እንዳቃታት፣ በሩ አሁንም ሲከፈት እንደሚንሲጠጥ። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል ደረቅ ደብዳቤ ምንም አያሳየውም። ዛሬ ተጣልታችሁ ነገ የምትታረቁበትን ነገር ተይው፤ እሱ ጋ ሲደርስ እናንተ ረስታችሁታል። ከባድ ሕመምና ሞት ግን አይደበቅ። ከሌላ ሰው ከሰማ ከዚያ በኋላ የምትጽፊውን ደህና ወሬ ሁሉ ይጠራጠራል።

ቢማረክስ?

እ.ኤ.አ. የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት መብት ይሰጠዋል። ምርኮኛው ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ የመያዙን ካርድ እንዲጽፍ ሊፈቀድለት ይገባል። ከዚያም በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ፣ ያለ ፖስታ ክፍያ። ሳንሱር ስላለ ደብዳቤው አጭርና ቀዝቃዛ ቢመስል አትዘኑበት። ስምምነቱን የማያከብር አለ። ወሬ ከጠፋ ግን የአገራችሁን ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ አመልክቱ፤ የጠፋ ሰው ማፈላለግ ሥራቸው ነው።

ሲደውል አለቅሳለሁ። ይከፋው ይሆን?

አልቅሺ። ግን ስልኩ ሳይቆረጥ ልጆቹን አቅርቢለት።