ስለ «ፕሪዝን ብሬክ» የመጀመሪያ ምዕራፍ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ታላቅ ወንድሙን ሊንከንን ከሞት ፍርድ ለማዳን ሲል የወህኒ ቤቱን ንድፍ በገላው ላይ ተነቅሶ፣ ባንክ ዘርፎ ሆን ብሎ የታሰረውን የመሐንዲሱን የማይክልን ታሪክ የሚተርከው ይህ ተከታታይ ድራማ በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ኦገስት 29 ቀን 2005 ነበር። 22 ክፍሎች ያሉት የመጀመሪያው ምዕራፍ ዛሬም ጥያቄ ማስነሣቱን ስላልተወ፣ ከደረሱን መካከል የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የምዕራፉ ፍጻሜም በመልሶቹ ውስጥ ስለሚገለጥ ድራማውን ገና ያላያችሁ አንባቢዎች ይህን እያወቃችሁ እንድታነቡ እንጠይቃለን።

ፎክስ ሪቨር የተባለው ወህኒ ቤት በእውነት አለ?

በድራማው ውስጥ ያለው ወህኒ ቤት በደራሲዎቹ የተፈጠረ ነው፤ ግንቡ ግን እውነተኛ ነው። አብዛኛው የግቢ ትዕይንት የተቀረጸው በኢሊኖይ ግዛት ከቺካጎ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በጆሊየት ከተማ፣ በ1858 ተከፍቶ በ2002 በተዘጋው አሮጌ ወህኒ ቤት ውስጥ ነው። የግንቡን ድንጋይ ከዚያው አካባቢ እየፈለጡ ያወጡት እስረኞች ስለነበሩ፣ ተዋንያኑ የሚደገፉበት ግድግዳ በራሱ የእስር ሥራ ውጤት መሆኑን ማወቅ ትዕይንቱን ሌላ ክብደት ይሰጠዋል።

ሊንከን በኤሌክትሪክ ወንበር የሚገደልበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ኢሊኖይ ውስጥ ይህ በእውነት ሊሆን ይችል ነበር?

በ2005 ሊሆን አይችልም ነበር። በኢሊኖይ የሞት ቅጣት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1999 ነው፤ በጃንዋሪ 2000 ደግሞ የግዛቲቱ ገዥ ጆርጅ ራያን አፈጻጸሙ እንዲቆም አዘዙ። ገዥው በጃንዋሪ 2003 ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ ከ160 የሚበልጡ ፍርደኞችን ቅጣት ወደ እስራት ለውጠዋል፤ በ2011 ቅጣቱ ከነጭራሹ ከሕግ ተሰርዟል። ወንበሩም ቢሆን ከ1962 በኋላ በግዛቲቱ አገልግሎት አልሰጠም፤ በኋላ የተፈጸሙት ቅጣቶች በመርፌ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የድራማው መነሻ ከእውነታው የራቀ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። ገዥ ራያንን ወደዚያ ውሳኔ ያደረሳቸው፣ የሞት ቅጣት በ1977 ወደ ግዛቲቱ ሕግ ከተመለሰ ወዲህ 12 ሰዎች ተገድለው ሳለ፣ 13 የሞት ፍርደኞች ግን ጥፋተኛ አለመሆናቸው ታውቆ መለቀቃቸው ነው። ባልሠራው ወንጀል ሞት የሚጠብቀው የሊንከን በሮውስ ታሪክ በዚያ ግዛት ለሚኖር ተመልካች የሩቅ ተረት አልነበረም። ለእኔ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ከሁሉ የሚታመነው ነገር ንቅሳቱም ጉድጓዱም ሳይሆን ይህ የሐሰት ፍርድ ነው።

ማይክል የስኳር ሕመምተኛ መስሎ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋ ነበር። ይህ ይቻላል?

የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው ኢንሱሊን ቢወጋ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድና ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ደራሲዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የኢንሱሊኑን ኃይል የሚያግድ እንክብል በስውር እንዲያገኝ አድርገዋል። የተጠቀሰው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ምርምር የሚታወቅ ነው እንጂ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አይደለም። ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ዶክተር ሣራ የሕክምና ክፍሉን በር ሳትቆልፍ መሄዷ ጥፋት አይደለም ወይ? ድራማው እንደ ጀግና ሲያሳያት ቅር ብሎኛል።

ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝ ይህ ነው። አዎን፣ ጥፋት ነው፤ ሐኪሟ ለእስረኞቹ ጤና ኃላፊነት የተቀበለች የመንግሥት ሠራተኛ ስትሆን፣ በዚያ በር የወጡት ደግሞ ንጹሑ ሊንከን ብቻ ሳይሆኑ እንደ ቲ-ባግ ያለ ሕፃናትን የገደለ ሰውም ጭምር ናቸው። ነገር ግን ድራማው ይህን ደብቆ ያከበራት አይመስለኝም። ቁልፏን ለመውሰድ የተደረገው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ማይክል እውነቱን ነግሮ ሲለምናት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቀርባት የነበረው ለዚሁ መሆኑን ትረዳለች፤ በሩን ከፍታ ከሄደች በኋላም ቀድሞ ወደ ተላቀቀችው ሱስ ተመልሳ ከሞት አፋፍ ላይ ትገኛለች። ደራሲዎቹ ዋጋውን አስከፍለዋታል፤ ከማንም በፊትም እርሷን።

ብዙ ተመልካች የዚህን ምዕራፍ ብልሃት በማይክል ገላ ላይ በተነቀሰው የሕንፃ ንድፍ ይለካዋል። እኔ ግን ደግሜ ባየሁት ቁጥር የሚጎላብኝ፣ ንድፉ በራሱ አንድም በር አለመክፈቱ ነው። በ13ኛው ክፍል እስረኞቹ በሕክምና ክፍሉ ሥር ደርሰው ዝጎ ይሰበራል የተባለው ቧንቧ በአዲስ ተተክቶ ሲያገኙት፣ ለወራት የተጠና ዕቅድ በአንድ ጥገና ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚያወጣቸው የሰው ልብ ነው፦ ለሚስታቸው የታጅ ማሃልን ቅርጽ እንዲሠራላቸው ማይክልን በቢሯቸው ያስቀመጡትና እንደ ልጅ ያቀረቡት የወህኒ ቤቱ ኃላፊ ሄንሪ ፖፕ በገዛ ቢሯቸው በስለት ይገደዳሉ፤ ሣራም በሩን ትተዋለች። ማይክል ቀና ሰው ሆኖ ሳለ ያመኑትን ሰዎች መሣሪያ ማድረጉ፣ ምዕራፉን ከተራ የማምለጥ ጀብዱ በላይ ያደረገው ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ የተራቀቀ ማምለጥ በእውነተኛው ዓለም ተፈጽሞ ያውቃል?

ተፈጽሟል፤ ለዚያውም ድራማው ከታየ ከዓመታት በኋላ። በጁን 2015 በኒው ዮርክ ግዛት ዳነሞራ ከሚገኘው ጥብቅ ወህኒ ቤት፣ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው ሁለት እስረኞች የክፍላቸውን የብረት ግድግዳ በመጋዝ ቆርጠው፣ የጡብ ግንብ አፍርሰው፣ ሙቀት በማይሰጥበት ወቅት ባዶ በነበረ የእንፋሎት ቧንቧ ውስጥ ተሳበው ከግንቡ ውጭ ባለ መንገድ ላይ ብቅ አሉ። መጋዙን ያስገባችላቸው በልብስ ስፌት ክፍሉ የምትሠራ ሲቪል ሠራተኛ ነበረች፤ በበረዶ በደረቀ ሥጋ ውስጥ የተደበቀ መሣሪያም በአንድ ጠባቂ እጅ አልፏል። ሴትየዋ መኪና ይዛ ልትጠብቃቸው ተስማምታ ሳለ ሳትመጣ ቀረች። ከሦስት ሳምንት ገደማ አሰሳ በኋላ አንደኛው ተገደለ፤ ሌላው ወደ ካናዳ ድንበር ሲቃረብ ቆስሎ ተያዘ። በ2018 ስለዚሁ በሰባት ክፍሎች የተሠራው ድራማ ረጋ ያለና መራራ ነው፤ ለትዕግሥተኛ ተመልካች እመክረዋለሁ።

ከልጆቼ ጋር ላየው እችላለሁ?

ከትንንሾቹ ጋር አይሆንም። የእጅና የእግር ጣት መቆረጥ፣ ግድያና ጾታዊ ጥቃት የሚጠቁሙ ትዕይንቶች አሉበት።

የት ላይ ማቆም ይሻላል?

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ አውሮፕላኑ አምስት አምላጮችን ጥሎ ስለሚነሣ፣ እዚያ ማቆም የሚችል ተመልካች ጥቂት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ መሳደዳቸውን ይተርካል፤ እርሱንም መመልከት ይገባል። ሦስተኛው በፀሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት በ13 ክፍሎች ተገትቶ የቀረ ሲሆን፣ በ2017 የተጨመረው አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ዘጠኝ ክፍሎች ብቻ አሉት። ጊዜዎ የተወሰነ ከሆነ በሁለተኛው ላይ ያቁሙ።