ቦርድ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው ጅማ ውስጥ ምን ሥራ ይገኛል?

«ወንድሜ ወገቡን ተጎድቶ በሕክምና ቦርድ ከሠራዊት ተሰናበተ፣ ጅማ ቤት ከገባ አራት ወሩ ነው፣ ምን ይሥራ?» ላልሽው እህቴ። እኔም ቦርድ ወጪ ነኝ። የኔ ጉዳት ጉልበቴ ላይ ነው።

ሁሉም «ጥበቃ ይግባ» ብሎሻል። የኔም የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነበር። ወታደር ነበርኩ ካልሽ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም። ሌሊቱን ሙሉ ቁም ነው። ወንበር ብጠይቅ «ልትተኛ ነው?» ተባልኩ። በሦስተኛው ወር ጉልበቴ አብጦ ተመልሼ ሐኪም ቤት ገባሁ። ስለዚህ ከደሞዙ በፊት ወገቡን ጠይቁት። ባጃጅም ባይነካ ይሻለዋል፤ ኮብልስቶኑን ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭበት ውሎ ማታ እንዴት እንደሚሆን አስቢው።

ሠራዊት ውስጥ ሥራው ምን እንደነበር ግን አልጻፍሽም። ዋናው እኮ እሱ ነው! እኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ፣ ያንን እንደ ሙያ ቆጥሬው አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ ቡና ማበጠሪያ ቤት መጋዘን የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ወሰደኝ፤ አሁንም ጥበቃ መስሎኝ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ። ሰውየው ድሮ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠርቶ ኖሮ ገና ሳልቀመጥ «ሞዴል 19 ምንድነው?» አለኝ። «የንብረት ገቢ ቅጽ» አልኩት። «22ስ?» «የወጪ።» ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ።

ሥራው ሚዛን አጠገብ ቁጭ ብሎ መመዝገብ ነው። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ይዞ የመጣው ሰው በፈረሱላ ያወራል፣ እኔ በ17 አባዝቼ በኪሎ እጽፋለሁ። ጆንያ የሚሸከም ጫኝና አውራጅ አለ። መጥፎው ነገር ወቅታዊነቱ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ራስ የሚያዞር ሥራ አለ፣ ክረምት ሲገባ ጭር ይላል። የመጀመሪያውን ክረምት ያለ ደሞዝ ከረምኩ። ኤክሴል የተማርኩት ያኔ ነው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከሚስቴ ጋር ከመነታረክ ብዬ።

ኤሌክትሪሺያን ምናምን ከነበረ ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይመዘን። ወረቀት የሌለው ልምድ ለቀጣሪ ወሬ ነው።

የመንግሥት ቦታ ሲወጣም ይወዳደር። አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ የተነሳ በቅጥር አድልዎ እንዳይደረግበት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይከለክላል። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አንዳንዴ ቀጣሪውም ጭምር፣ ስለዚህ የቦርዱን ውሳኔ ኮፒ ከማመልከቻው ጋር ያያይዝ። ኦርጅናሉን ለማንም እንዳይሰጥ፤ እኔ አንዱን ሰጥቼ ጠፋ ተብዬ ስድስት ወር ተመላልሻለሁ። እዚህ ለመንግሥት ሥራ አፋን ኦሮሞ መናገር ብቻ አይበቃም፣ መጻፍም አለበት።

ምን ክፍል እንደነበር ጠይቂውና ጻፊልኝ። ንብረት ወይም ሒሳብ ነክ ከሆነ ጥቅምት ሳይገባ የማናግራቸው ሁለት ሰዎች አሉ።