ለኢንተርኑ ያልመለስኩት ጥያቄ

ባለፈው ደሴ ላይ አንድ ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ቡና ጋብዞኝ «ዶክተር፣ ከእርዳታ ድርጅት ጋር ልውጣ ወይስ ቀጥታ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ልግባ?» አለኝ። በኛ ጊዜ አገር ውስጥ እንዲህ የሚባል ስፔሻሊቲ ስላልነበረ ምርጫውም አልነበረም። ልመልስለት ስል ግን ልቤ ባቲ ሄደ።

1977 ዓ.ም. ነው፤ የረሃቡ ጊዜ። ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ባቲን የማውቃት በሰኞ ገበያዋ ነበር። ያን ጊዜ ግን የጠበቀን መጠለያው ነው፤ ሰው በሰው ላይ። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ። ብርዱን ደግሞ አታንሱት።

አንድ ማታ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ገደማ ልጇን አዝላ መጣች። ሳነሳው ክንዴ ላይ አልከበደኝም። ተቅማጥ ይዞታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ለኔ የታየኝ የፈሳሽ እጥረት ብቻ ነው። ጉሉኮሱን ሰቀልኩና በፍጥነት ለቀቅሁት።

«ጌታዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። የራበው አንጀት ባንዴ አይችልም» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። ፈገግ አልኩ። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ያ ፈገግታ ነው።

እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሹ ፈጠነ። ጉበቱ አበጠ። እኔ ጭራሽ የሳንባ ምች መስሎኝ መርፌ ፍለጋ ሮጥኩ። ሊነጋ ሲል አለፈ። እናትየው ነጠላዋን አልብሳው ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ አንቱታውን ትታ «አብሽር የኔ ልጅ» አለችኝ። እሷ እኔን!

ረሃብ የልብንም ጡንቻ ይበላል። ያን ሁሉ ፈሳሽ መግፋት ሲያቅተው ሳንባ ውሃ ይሞላል። የከሳ ልጅ ዓይን ደግሞ ውሃ ባይጎድለውም ስቡ ስላለቀ ይጎደጉዳል። አሁን መመሪያው ግልጽ ነው፤ የደም ዝውውሩ ተዳክሞ ሾክ ውስጥ ካልገባ ፈሳሽ በደም ሥር አይሰጥም፣ በአፍ በትንሽ በትንሹ ነው። በረሃብ ለተጎዳ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ወተትም ኤፍ 75 የሚባለው ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ። ያኔም የሚያውቁ ነበሩ። እኔ አልጠየቅሁም።

የዛሬ ልጆች ታካሚ አጠገብ ስልክ ስትነካኩ ያናድደኛል። ግን ያን ሌሊት መመሪያው ኪሴ ውስጥ ቢኖር ኖሮስ?

ኢንተርኑ መልሱን እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ ስፔሻሊቲውን ይግባ መሰለኝ። ወይ ደግሞ ይውጣና ይመለስ።