እሁድ የሚፈለግ፣ ሰኞ የሚታፈርበት ሙያ

ጥያቄ (ያጠረ)፦ 24 ዓመቴ ነው። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ተምሬ የብቃት ምዘናውን አልፌያለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሚመጡልን አብዛኞቹ አሮጌ ቪትዞች ናቸው። አሁን ሰው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወራ ሙያዬ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። አጎቴ «የማታ አካውንቲንግ ልክፈልልህ፤ ዘይት በጠጣ እጅህ ማን ልጁን ይድርልሃል?» ይሉኛል። እሳቸውም የሚነዱት ቪትዝ ነው፤ እሁድ እሁድ የምሠራላቸው እኔ ነኝ፤ ሰሞኑን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ባጠራቀምኩት ገንዘብ አሮጌ ቪትዝ ልግዛ ወይስ ዱባይ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሙሉ ደብዳቤህ ሁለት ገጽ ነው። ስለ ሞተር አንድ ገጽ ተኩል ጽፈህ ስለ አካውንቲንግ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለህ፤ እሱም የአጎትህ ቃል ነው።

ከፍርሃትህ ልጀምር። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ የተመረተው በፈረንጆች ከ1999 እስከ 2005 ነው፤ የመጨረሻዋ እንኳን ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪኩን መግዛት ያልቻለ ሁሉ እንግዲህ ያለችውን እያስጠገነ ይነዳል፤ መኪናዋ ባረጀች ቁጥርም አንተ ዘንድ መመላለሷ ይበዛል።

ሥራ አጣለሁ ብለህ አትፍራ። ይልቅ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ፍራ። ለማጅ ሳለሁ አንዲት ቪትዝ እየፈላች መጣችብን። ባለቤቷ መምህር ነበሩ። ከእኛ በፊት ያየቻት ጋራዥ የውሃ ፓምፕ ቀይራለች፣ ራዲያተር አሳጥባለች፣ የማቀዝቀዣ ውሃውን እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታትም አውጥታ ጥላለች (ይህ የአገራችን ልማድ ነው፤ ሞተሩ በቶሎ እንዳይሞቅ አድርጎ ቤንዚን ያስበላል እንጂ መፍትሔ ሆኖ አላየሁትም)። ቀጥሎ «ሞተሩ ካልወረደ» ተብለው ነው ወደ እኛ የሸሹት። አለቃዬ መኪናዋን አስነስተው ቆመው ጠበቁ። ሙቀቱ ወጣ፤ ማራገቢያው አልዞረም። ሶኬቱን ነቅለው ከባትሪው በሁለት ገመድ በቀጥታ መብራት ሲሰጡት ዞረ። ፊውዙን አዩ፤ ደህና ነው። ቀጥለው ለማራገቢያው መብራት የሚከፍትና የሚዘጋውን ሪሌ ፈተሹ፤ የተበላሸው እሱ ነበር። ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ያገለገለ ሪሌ አስመጥተው ተከሉላቸው፤ አለቀ። የመምህሩ የወር ደመወዝ በሦስት ጤነኛ ዕቃ ላይ ፈሶ፣ ችግሩ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ አውቶ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ወደ መኪና ገመድና መብራት ሥራ፣ አዘነበልኩ፤ ኋላም ያስተማርኩት እሱኑ ነው። ውድ መኪና ያለው ሰው የአንተን ግምት መክፈል ይችላል። የአሮጌ ቪትዝ ባለቤት ግን አንድ ስህተት ከከፈለ ለሁለተኛው የሚተርፈው የለም፤ ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት እንድታውቅ ያስገድድሃል። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅልህም። ገመድ ተከትሎ ብልሽት ማግኘት የለመደ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣበት ባዶ እጁን አይሆንም። ፍሬኑ፣ መሪው፣ ኩሽኔታው፣ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪው እዚያም አሉ። ትልቁ ባትሪ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ለይቶ ሳይሠለጥኑ የሚነካ አይደለም። ስለዚህ ለማታው ትምህርት የሚሆን ጊዜ ካለህ የአውቶ ኤሌክትሪክ ሥልጠና ፈልግ። አጎትህ ለመክፈል ከወሰኑ ለዚህ ይክፈሉ።

ስለ እሳቸው ሳላለዝብ ልናገር። እሁድ እሁድ በነጻ የሚያሠሩህን ሙያ ሰኞ ሲሆን ያፍሩበታል። አካውንቲንግ ለሚወደው ሰው መልካም እንጀራ ነው፤ አንተ ግን በቁጥር ፍቅር ሳይሆን በሰው ፊት እንዳያፍሩ ነው የምትላከው። ገንዘባቸው ስለሆነ መስጠትም መከልከልም ይችላሉ፤ ለትምህርቱ የሚሄደው ዓመትህ ግን የእሳቸው አይደለም።

መኪና አትግዛ፤ የሌሎችን እየከፈሉህ ትማርባቸዋለህ። ከቁጠባህ ላይ ጥሩ ሙልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ግዛ፣ የቀረው ባንክ ይቀመጥ። ዱባይን የሥራ ውል በእጅህ ሳይገባ አታስባት።

አሁን ወደሚንቀጠቀጠው ሞተር። ሞተሩ ተነስቶ እንደቆመ ለካንዴላዎቹ የብልጭታ ኃይል የሚሰጡትን የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀልና መልስ። ጤነኛው ሲነቀል ድምፁ ይባስ ይዛባል፤ ምንም ለውጥ ያላሳየው ሲሊንደር ነው ያልሠራው። የእሱን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይር፤ ብልሽቱ ከኮይሉ ጋር ከሄደ ኮይል ነው፣ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን አውጥተህ እይ። ስትጨርስ ለአጎትህ ሒሳቡን በወረቀት ጻፍላቸው፤ የዕቃውን ለብቻ፣ የእጅህን ለብቻ።