ዘጌ ወደብ ላይ አንድ ቀን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ፣ እናቴና እህቴ ከባሕር ዳር ትንሽ ጀልባ ተከራይተን ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ ልንውል አስበናል። ቀኑን እንዴት ብናሳልፈው ይሻላል? እናቴ ብዙ መራመድ አትችልም።

መልስ፦ ጥሩ አስባችኋል! ብቻ በጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያንገላታል፣ ለእናታችሁም ከባድ ነው። የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋውንና የመመለሻ ሰዓቱን ከባለጀልባው ጋር ቁርጥ አድርጉ፤ የነፍስ አድን ጃኬት ከሌለው አትሳፈሩ።

ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፎች ጥላ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ድንጋይ ስላለው እናታችሁ ምርኩዝ ይያዙ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዘጌ በበሬ አይታረስም። አባቶች ምክንያቱን ሲተርኩ፣ የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ፤ እኔ ይህን ሳስብ ያ ጫካ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማችሁን አውልቁና የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ዞር ዞር እያላችሁ እዩ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት።

ባለጀልባው «በዚያው የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን እንይ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ እዚያ ሴት አይገባም። ይልቅ ወደቡ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ቡናችሁን ጠጡ፤ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያያችሁ እናታችሁም ያርፋሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ግን ጀልባው ላይ ሁኑ።